ከነውሸቴ ወደ ጨንቻ ዳገት

ሐሙስ

ሐሙስ ማለዳ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አባቴ ሻንጣዬን ተሸክሞ ከሽሮ ሜዳ እስከ አውቶቡስ ተራ ሸኘኝ። ወሩ መስከረም ነው፤ የመስቀል ሳምንት ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ዓመተ ምሕረቱን የማልጽፈው እዚህ የምጠራቸው ሰዎች በእኔ ምክንያት የደረሰባቸው ስለሚበቃቸው ነው። በሰማንያዎቹ መጨረሻ ነበር ብል ይበቃል።

አባቴ የት እንደምሄድ ያውቃል። ለምን እንደምሄድ የነገርኩት ግን ግማሹን ነው። «የብዕር ጓደኛዬና ባለቤቱ ለመስቀል ጋብዘውኛል» አልኩት፤ ደብዳቤውንም አሳየሁት። በደብዳቤው ግርጌ የሚስትየው ጽሕፈት አለ፦ «እህቴ ነይ፤ ቅቤ ማጠራቀም ከጀመርኩ ዓመት ሆነኝ፤ ላንቺም ይተርፋል።» አባቴ ያቺን መስመር ሁለቴ አንብቦ ፈቀደ። የቀረውን ገጽ አላነበበውም። የቀረው ገጽ ስለ ሞተር ሳይክል እሽቅድምድም ነበር።

ይህን ስጽፍ አሁንም ፊቴ ይግላል። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ከፒያሳ ወረድ ብሎ አሮጌ መጽሔት መሬት ላይ ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰው አንድ የውጭ አገር መጽሔት ገዛሁ። ሽፋኑ የተገነጠለ ስለነበረ የልብስ ስፌት መስሎኝ ነው። ቤት ገብቼ ስገልጠው፣ ቆዳ ልብስ የለበሰ ሰው ሞተር ላይ ሆኖ ጉልበቱ አስፋልቱን እስኪነካ ተዘንብሎ ሲታጠፍ አየሁ። እኔ መንገድ ለመሻገር ግራና ቀኝ ሦስት ጊዜ የማይ፣ አራት ዓመት ሙሉ ክፍል ውስጥ እጄን ሳላወጣ የተመረቅኩ ሰው ነኝ። ያንን ሥዕል ግን ምሳ እስኪቀርብ ድረስ አየሁት። ከዚያ በኋላ ሻጩ ሞተር ያለበት መጽሔት ሲመጣለት ይለይልኝ ጀመር።

«ለወንድምሽ ነው አይደል?» ይለኛል።

«አዎ» እለዋለሁ። ወንድም የለኝም።

እሑድ እሑድ ምሽት በአባቴ ራዲዮ የእንግሊዝኛውን የስፖርት ዜና እጠብቃለሁ። እግር ኳሱና የፈረሱ ግልቢያ ካለቀ በኋላ ለሞተሩ የምትደርሰው ግማሽ ደቂቃ ናት። በዚያች ግማሽ ደቂቃ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡትን በደብተር እይዛለሁ። የእኔ፣ አረንጓዴ ቆብ የሚያደርገው ጣሊያናዊ ነበር። እሱ የወደቀ ሰኞ ቢሮ ስገባ «ምነው፣ ሰው ሞተብሽ እንዴ?» ይሉኛል።

ደምሴን ያገኘሁት በአንድ መጽሔት የብዕር ጓደኛ ዓምድ ላይ ነው። «አርባ ምንጭ በመሥሪያ ቤት ሞተረኛ ነኝ፤ የሞተር ውድድር የሚከታተል ካለ ይጻፍልኝ» ይላል። ጻፍኩለት። በሁለተኛው ደብዳቤው «አንቺስ ትነጃለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። «አዎ» ብዬ መለስኩ። በአፌ ብጠየቅ ኖሮ ድምፄ ያሳብቅብኝ ነበር፤ ወረቀት ግን አያፍርም። ከዚያ ያቺን አንድ ቃል ለመደገፍ ሌሎች ቃላት አስፈለጉ። አጎቴ ሞተር አለው አልኩ። እሑድ እሑድ ሱሉልታ ሜዳ ላይ እነዳለሁ አልኩ። ውድድሩን በቪዲዮ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ አልኩ። ኩርባ ላይ እንዴት እንደምታጠፍ ሲጠይቀኝ ደግሞ ከመጽሔቱ ተርጉሜ፣ «እነሱ» የሚለውን ሁሉ «እኔ» እያደረግኩ ላክሁለት፦ «እኔ ከኩርባው በፊት ፍሬን ይዤ እጨርሳለሁ፤ ከዚያ ሰውነቴን ከመቀመጫው ወደ ኩርባው ውስጥ በኩል አወጣና ጉልበቴን ወደ መሬት አወርዳለሁ፤ አልፈራም።»

ሁለት ዓመት እንዲህ ተጻጻፍን። አሁን ሊያዩኝ ነው። አርባ ምንጭ ውስጥ ዲሽ ያለው ሆቴል አለ፣ እሑድ ውድድሩን በቀጥታ ያሳያል ብሎ ደምሴ ጽፎልኝ ነበር። ተወዳዳሪዎቹን በሕይወቴ ሲንቀሳቀሱ አይቻቸው አላውቅም። ለዚህ ስል ሄድኩ።

አውቶቡሱ እስከ ሻሸመኔ ደኅና ሄደ። ከዚያ በኋላ ጎማው ሁለት ጊዜ ተነፈሰ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴት ወላይታ ውስጥ ነጋዴ ናቸው። እግራቸው ሥር ሁለት ዶሮ አስረዋል፤ አንደኛዋ የጫማዬን ክር ስትጎትት ዋለች። «አትፍሪያት፣ ትል መስሏት ነው» ይሉኛል፤ የተቀቀለ በቆሎም ከፍለው ሰጡኝ። ሶዶ ስንገባ መሽቶ ስለነበረ ብቻዬን አልጋ ፍለጋ እንዳልወጣ እጄን ይዘው የሚያውቁት ቤት ወሰዱኝና ለአልጋ አከራይዋ፣ «ይቺ ልጅ የእኔ ናት፤ ንጹሕ አንሶላ» አሏት። አንሶላው ንጹሕ ነበር። ቁንጫው ግን አንሶላ አይመርጥም።

ዓርብ

ከሶዶ በኋላ መንገዱ ወደ ሙቀት ይወርዳል። እኛ ሰፈር በመስከረም ጠዋት ሹራብ ይደረባል፤ እዚህ በአራት ሰዓት ነጠላዬን አጥፌ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ። አባያ በግራ በኩል ብቅ አለ። ሐይቅ ሰማያዊ ነው ብዬ ስለማስብ መጀመሪያ የታረሰ መሬት መሰለኝ፤ ውሃው የሸክላ ጭቃ ይመስላል። ረዳቱ ሲያየኝ ሳቀ። «ዝናብ ከደጋ አፈር አጥቦ ነው የሚያመጣለት። አትጠጪውም መቼም!»

በአርባ ምንጭ ታችኛው ከተማ፣ ሲቀላ አውቶቡስ ማቆሚያ ስወርድ ደምሴ ሞተሩን አስደግፎ ይጠብቀኛል። ሰላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ አጭር፣ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ። የጻፍኩለትን ሁሉ በአንድ ላይ የሚያስታውስ መሆኑ ከፊቱ ያስታውቃል። ሰላም ካለኝ በኋላ የሞተሩን ቁልፍ መዳፌ ላይ አስቀመጠው።

«በይ ንጂው! እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ። ሰው ሁሉ ይይ።»

«ዛሬ ደክሞኛል» አልኩ።

«ውይ ይቅርታ! ሁለት ቀን አውቶቡስ ላይ ቆይተሽ…» በእውነት አፈረ። እሱ ነው ያፈረው።

ያደርኩት የተከራየበት ግቢ ባለቤት ከሆኑት ከእትዬ ጸዳለ ጋር ነው። ሚስቱ አልማዝና እናቱ ያሉት ላይ፣ ጨንቻ አጠገብ ባለው መንደራቸው ነው፤ እሱ በየሳምንቱ ይወጣል። እትዬ ጸዳለ ሙሉ የተጠበሰ አሣ ከነጭንቅላቱ አቀረቡልኝ። ዓርብ መሆኑን አስታወስኳቸው።

«እዚህ አገር አሣ የውሃ ጎመን ነው፤ ብዪ!» አሉኝ።

እኛ ቤት አሣ ቢበላም ተቆራርጦ፣ ተጠቅልሎ ከሱቅ የሚመጣ ነው። አጥንቱን ከሥጋው መለየት አቅቶኝ ጉሮሮዬ ላይ ሲቀር፣ ሴትየዋ ጀርባዬን መትተው አስወጡልኝ፤ ከዚያ በኋላ እንደ ሕፃን በጣታቸው አጥንቱን እየለቀሙ አጎረሱኝ። «ሞተር የምትነዳ ሴት አሣ ይጣላት?» እያሉ ለጎረቤት ሁሉ ያወሩታል። ደምሴ ነግሯቸዋል። ለስንት ሰው እንደነገረ በማግስቱ ነው ያየሁት።

ቅዳሜ

ደምሴ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ ባዶ ሜዳ ወሰደኝ። ሁለት የሥራ ባልደረቦቹ አስቀድመው ደርሰው ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ሞተሩን አስነሥቶ እጀታውን አስያዘኝ። ያን ጊዜ «አልችልም» ብል ሁለቱ ሰዎች ይስቁ ነበር፤ እሱ ይቀየም ነበር፤ ነገሩ እዚያው ሜዳ ላይ ያልቅ ነበር። ብዙ ጊዜ ወደዚያ ሜዳ በሐሳቤ እመለሳለሁ።

«የመሥሪያ ቤት ንብረት ነው» አልኩ። «ብጥለው የምትጠየቀው አንተ ነህ። የሰው ሞተር አልነዳም።»

ደምሴ ወደ ጓደኞቹ ዞረ። «ሰማችሁ? እውነተኛ ነጂ እንዲህ ነው። ለመሣሪያ ክብር አላት።»

«አንተ ብትሆን ኖሮ እስካሁን ሐይቅ ውስጥ ገብተህ ነበር» አለው አንዱ።

«ዝም በል። እሺ እንግዲህ አንቺ እይና አርሚኝ።»

ዞሮ መጣ። ሜዳው መሐል ላይ ሰውነቱን ከመቀመጫው ወደ ግራ አወጣ፤ ጉልበቱን ወደ መሬት አቀረበ፤ ደብዳቤዬን በቃሉ የሚያነበንብ ይመስል። አጠገቤ አቁሞ፣ «እንዲህ ነው? ትንሽ ቀረኝ አይደል?» አለኝ። ቀረው ወይስ በዛ፣ እኔ ምን አውቃለሁ? ግን ሦስቱም ያዩኛል። አላውቅም ከማለት ቀለለኝና፣

«ትንሽ ጨምር» አልኩ።

ይህችን ቃል የምጽፋት በግድ ነው።

እሑድ

ሆቴሉ ከፍ ብሎ፣ በላይኛው ከተማ ሴቻ ላይ ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ ሰዓት ላይ ደረስን። አዳራሹን የሞሉት ወንዶች ኳስ ይጠብቃሉ፤ ደምሴ ግን ከሆቴሉ ባለቤት ጋር ከሳምንት በፊት ተስማምቶ ኖሮ፣ ሴትየዋ መቆጣጠሪያውን ይዛ ቆመች።

«ኳሱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። እስከዚያ እንግዳችን የምትፈልገውን ታያለች። ያልፈለገ ሜዳው ሰፊ ነው።»

እንግዳ የተባልኩት እኔ ነኝ። ሠላሳ ወንድ ዞሮ አየኝ። ጥግ ላይ ነጠላዬን እስከ አፌ ስቤ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ጀመረ። መጀመሪያ የነካኝ ድምፁ ነው። በመጽሔት ላይ ድምፅ የለም፤ ለካ ስድስት ዓመት ሙሉ በዝምታ ነበር የምከተላቸው። ሁለተኛ፣ ያ ጉልበት መሬት የሚነካበት ነገር፣ እኔ በሥዕል ሰዓት ሙሉ የማየው፣ ዓይን ጨፍነው እስኪገልጡ ያልፋል። ወዲያው ሌላ ኩርባ። አረንጓዴው ቆብ ከአራተኛ ተነሥቶ ሦስተኛ ሲሆን ሳላስበው «ውይ!» ብዬ ጮህኩ፤ እጄም የደምሴን ክርን ያዘ።

«አንቺ ለምደሽው የለ?» አለኝ እየሳቀ።

እጄን ሰበሰብኩ።

«ይሄ ንብ ነው ወይስ ሰው?» አለ ከኋላችን አንዱ። «አያልቅበትም እንዴ መንገዱ?»

«ይዞራል እኮ፤ እዚያው ነው ያለው።»

«ታዲያ እዚያው ለመዋል ምን አስቸኮላቸው?»

አዳራሹ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ግን ከአሥር ደቂቃ በኋላ የሚቀልድ አልነበረም። «ያንን አረንጓዴውን በርታ በሉት!» የሚል ሁሉ መጣ። ሊያልቅ ሁለት ዙር ሲቀረው አረንጓዴው ቆብ ተዘንብሎ ሲገባ የኋላ ጎማው ከድቶት ተንሸራተተ፤ ሞተሩ ለብቻው፣ እሱ ለብቻው። አዳራሹ «ኧረ!» አለ። ተነሥቶ ልብሱን አራገፈና ሲሄድ አየን። ደምሴ ጭንቅላቱን ይዞ ቆየና፣ «አየሽ፣ እነሱም ይወድቃሉ። ቆመው ይሄዳሉ» አለኝ። የእነሱ መንገድ እንደ ጠረጴዛ የለሰለሰ አስፋልት መሆኑን፣ ልብሳቸው ውስጥ መከላከያ መኖሩን መጽሔቱ ላይ አንብቤያለሁ። ያንን ግን ተርጉሜ አልላክሁለትም ነበር። ስለ ፍርሃት የሚያወራውን ሁሉ ዘልዬዋለሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ጨንቻ ተነሣን። ቆቡን ለእኔ አደረገልኝ፤ አንድ ብቻ ነበር። ሙዙና ማንጎው ከኋላ ቀርቶ መንገዱ ተራራውን እንደ ክር ጥቅል እየዞረ ይወጣል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከላብ ወደ ብርድ ይገባል። ቀርከሃ ይጀምራል፤ ጉም ይወርዳል፤ ዞር ሲሉ አባያና ጎረቤቱ ሐይቅ ከታች ተኝተዋል። እንዲህ ያለ ቦታ እንጦጦ ላይ እንኳ አይቼ አላውቅም። ቀን ዘንቦ ስለነበረ ጎርፍ መንገዱን ልጦ ጠጠሩን ኩርባዎቹ ላይ ከምሮታል።

ደምሴ እስከ ግማሽ ድረስ በጥንቃቄ ነዳ። ከዚያ አንገቱን ወደ እኔ አዙሮ ጮኸ፤

«ይህቺን ኩርባ እንዳንቺ ልታጠፍባት!»

ጃኬቱን ጨምድጄ እንደያዝኩ ነኝ። «ተው» ለማለት ጊዜ ነበረኝ። አንድ ቃል ለማለት የሚበቃ ጊዜ። ሰውነቱን ወደ ውስጥ አወጣ፤ ጉልበቱን አወረደ። የኋላው ጎማ ከሥራችን ሄደ።

እኔ የወደቅኩት ሣር ላይ ነው፤ ክርኔ ብቻ ተላጠ። ሞተሩ በደምሴ ግራ ክንድ ላይ ተኝቷል። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ሸክማቸውን ጥለው እየጮሁ መጡ፤ ከየት እንደመጡ የማላውቃቸው ወንዶች ሞተሩን አነሡ። ክንዱ መታጠፍ በሌለበት ቦታ ታጥፏል። አጠገቡ ተንበረከክሁ። ፊቱ አመድ መስሎ፣

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለኝ። «ፈራሁ። አንቺ እንዳልሽው በደንብ አልተዘነበልኩም።»

የእህል መኪና ጭኖ አወጣን። መንደራቸው ስንደርስ አልማዝ ከቀርከሃው ቤት ደጅ ላይ ቆማለች፤ ቀጭን፣ ጠይም፣ ጥጥ ስትፈትል የነበረች ሴት፤ እንዝርቱ አሁንም እጇ ላይ ነው። ባሏን ወጌሻው ሲቀበለው አየችና ወደ እኔ መጣች። ለብ ያለ ውሃ አምጥታ ክርኔን አጠበችልኝ። «አይዞሽ እህቴ» አለችኝ። አማርኛዋ እንደ እኔው ነው። የት እንደተማረችው ጠየቅኋት።

«ሽሮ ሜዳ ነዋ ያደግኩት። አባቴ እዚያ ነበር ሸማ የሚሠራው። ካገባሁ ነው የመጣሁት።»

ሽሮ ሜዳ የት ጋ ብላት ከቤታችን ሦስት መንገድ ወዲያ ነው። በዚያ መንገድ ሃያ አራት ዓመት ተመላልሻለሁ። ነጠላ ስናሠራ አባቴ በር ላይ ቆሞ ነው የሚቀበለው፤ ልጅ ሳለን ሸማኔ የሚለውን ቃል የምንጠቀምበት ለስድብ ነበር። ከነዚያ ቤቶች በአንዱ ገብቼ አላውቅም። ለመግባት ይህን ሁሉ አገር ማቋረጥ ነበረብኝ።

የደምሴ እናት ቆጮ ከሚያቃጥል የቃሪያ ዳጣ ጋር አቀረቡልኝ። የሚያውቁት አማርኛ ጥቂት ነው። «ብላ፣ ልጄ፣ ብላ» ይሉኛል ጉልበቴን እየዳሰሱ። የልጃቸው ጩኸት ከመጋረጃው ኋላ ይሰማል።

ሰኞ

ጠዋት አምስት ሽማግሌዎች መጥተው ግቢው ውስጥ ሣር ላይ ተቀመጡ። ደምሴ ክንዱ በቀርከሃ ታስሮ ግድግዳ ተደግፏል፤ እኔ አጠገቡ ነበርኩ፤ እሱ እየሾከሾከ ያስተረጉምልኛል።

«እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ እኛ ጋ ዝም ተብሎ አይታለፍም» አለኝ። «ጎሜ ይባላል። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ያጠፋውና የደበቀው ነገር አለ ማለት ነው። ካልወጣ ሌላ ይጨምራል፤ ከተነገረ ይቀላል። ስለዚህ ሁሉም ያለውን ያወጣል። በተለይ መስቀል ሳይገባ።»

እናቱ ጀመሩ። የጎረቤት ዶሮ በእሳቸው ግቢ የጣለችውን እንቁላል ሳይመልሱ መብላታቸውን ተናገሩ፤ ጎረቤትየዋ እዚያው ነበረችና «ሦስት ነው!» አለች፤ ሰው ሳቀ። ደምሴ የመሥሪያ ቤቱን ሞተር ያለ ፈቃድ እሑድ መያዙን ተናገረ። ትልቁ ሽማግሌ አሰቡበት። «እሱ የመንግሥት ነገር ነው፤ መንግሥት የራሱን ይጠይቅሃል። ጎሜ አይሆንም» አሉ። እንደገና ሳቅ ሆነ፤ ደምሴ ግን አልሳቀም። ሞተሩ የፊት ጎማው ተጣሞ ጓሮ ተኝቷል፤ ሥራው ምን እንደሚሆን አያውቅም።

ከዚያ አልማዝ ተነሣች። መሬት መሬት እያየች ተናገረች። ደምሴ ማስተርጎሙን አቆመ።

«ምን አለች?» አልኩት።

«ከእህቴ ጋር ተጣልተው ኖሯል። በክረምት። እኔ አላውቅም ነበር። ሳይታረቁ መስቀልን ልታሳልፍ ነበር።» ድምፁ ደረቀ። «ጎሜው ተገኘ።»

ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ተነፈሰ። ክፉ ፊት አላየሁም፤ እንደውም የተሰበረውን ቦታ ያገኘ ወጌሻ ፊት ነው ያየሁት። ለእኔ የባሰው ይሄ ነው። ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ። የደምሴ እህት ኦቾሎ የሚባል መንደር ነው ያገባችው፤ እዚህ ቤት እግሬ አይደርስም ብላ ምላለች፤ እሷን ለምኖ ለማምጣት ቀናት ይፈልጋል። ዕርቁ እስኪፈጸም አልማዝ አጎቷ ዘንድ ትቆያለች፤ የመስቀሉን ድግስ አትነካም። ዓመት ሙሉ ያጠራቀመችው ቅቤ ቤቱ ውስጥ፣ ከምሰሶው ሥር በሸክላ ተከድኖ ተቀምጧል። ትናንት አሳይታኛለች። እሺ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

በዚያን ጊዜ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ እኔ ጠቁሞ አንድ ነገር ተናገረ። ትልቁ ሽማግሌ እጃቸውን አነሡና መለሱለት።

«እንግዳዋስ? ነው ያለው» አለኝ ደምሴ። «አባባ ደግሞ እንግዳ አይጠየቅም፣ እንግዳ በረከት ነው አሉት።»

ሁሉም ፈገግ አሉልኝ። እኔም ፈገግ አልኩ። አፌ ውስጥ ያለውን ይዤ ፈገግ አልኩ፤ አልማዝ ቅቤውን ለአማቷ ለማስረከብ ወደ ቤት ስትገባ አየኋት፤ ዝም አልኩ። ከሰዓት በኋላ ሙሉ፣ ሰው እንግዳ ደነገጠች እያለ ሲያባብለኝ፣ ዝም አልኩ። በጉዞው ውስጥ ካደረግኩት ሁሉ፣ ከዳገቱም ከሜዳውም ይልቅ፣ የማፍረው በዚያ ፈገግታ ነው።

ማክሰኞ

በማግስቱ ጠዋት ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ መኪና ከገበያው በሁለት ሰዓት ይነሣል ተባለ። ደምሴን እናቱ ማሰሪያውን ለማስጠበቅ ወጌሻው ጋ ወስደውታል። ከመሄዱ በፊት ጤነኛ እጁን ሰጥቶኝ፣ «አትጨነቂ፤ ውጤቱን መላክ እንዳትረሺ» ብሎኛል። አልማዝ ወደ አጎቷ ቤት ልትሄድ ስለነበረ እስከ መኪናው ልሸኝሽ አለች። ሻንጣዬን ስከለክላት ቀምታ ጭንቅላቷ ላይ አደረገችው። የራሷ ጓዝ በእጇ ያለች ትንሽ ጥቅል ብቻ ናት።

ጉሙ ገና አልተነሣም። መንገዱ በመንደሩ መሰብሰቢያ ሜዳ ያልፋል፤ ትልቅ ዛፍ፣ ዙሪያውን የተቀመጡ ድንጋዮች አሉ። ትናንት የመጡት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል፤ ሌሎችም አሉ፤ አሥር አሥራ ሁለት ይሆናሉ። ሰላምታ ሰጡን። አለፍናቸው። አሥር እርምጃ ያህል ሄድን።

«አልማዝ» አልኩ። «ቁሚልኝ። ልነግራቸው የምፈልገው ነገር አለ። አስተርጉሚልኝ።»

«ለማመስገን ነው? እኔ እነግርልሻለሁ፤ መኪናው እንዳያመልጥሽ።»

«ለማመስገን አይደለም።»

ተመለስን። ከሦስት ሰው በላይ ባለበት ቆሜ ተናግሬ አላውቅም። ነጠላዬን በሁለት እጄ ወደ አፌ ስቤ ያዝኩ።

«ሞተር ነድቼ አላውቅም» አልኩ። «አንድም ቀን። ለደምሴ የጻፍኩለት ሁሉ ከመጽሔት የተገለበጠ ነው። እኔ ሳላውቀው ጨምር አልኩት። የወደቀው እኔ ያልኩትን ሲያደርግ ነው። በአልማዝ ምክንያት አይደለም።»

ሽማግሌዎቹ ፊቴን አይተው አንድ ነገር እንዳለ ገብቷቸዋል። ትልቁ ወደ አልማዝ ዞረው ጠየቋት። ሻንጣዬን ከጭንቅላቷ አወረደችና ደረቅ ድንጋይ ፈልጋ አስቀመጠችው። መቀነቷን ፈትታ እንደገና አጥብቃ አሰረች። ከዚያ ዓይኔን አየችኝ።

«ትናንት የት ነበርሽ?»

«አጠገብሽ።»

«አጠገቤ ነበርሽ» አለች።

ሽማግሌው ደግመው ጠየቁ። እጇን አንሥታ እንዲጠብቁ አደረገቻቸው፤ እኔን ነው የምታየው።

«እንደገና በዪው» አለችኝ። «ቀስ ብለሽ፣ አንድ በአንድ። አንዲት ቃል አልዘልልሽም።»

ከታች ከገበያው በኩል መኪናው ጥሩምባውን ነፋ። ረዳቱ «አርባ ምንጭ! አርባ ምንጭ!» እያለ ይጣራል። ነጠላዬን ከአፌ ላይ አወረድኩና ከመጀመሪያው ጀመርኩ።